ሾፌሩ የወረደበት

እኔ እንኳ የማውቀው የጀልባ ሞተር ነው፣
ከሳሉ ከጭሱ ሕመሙን የምለየው።
ኤዱቪና ግን በዚያ በዝናብ ሌሊት
ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች በከረጢት።
«ሊሳንድሮ» አለች፣ «ይሄ ነገር ረሳኝ፤
ቤቴ ተቀምጦ ከቤቴ አስወጣኝ።»

የቺሎዌ ዝናብ ማባራት አያውቅም፤
ጣራ ላይ ሲያወራ ለሰው ተራ አይሰጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ዝሎባት፣ አንድ ገጽ ሲከፍት
ድንች ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይበላል፣ ያልፋል ምሳ ሰዓት።
የእህቷ ልጅ ከፑንታ አሬናስ በስልክ መከራት፦
«ወደ ፋብሪካው መልሺው፣ ወደ ተወለደበት ዕለት።»
መለሰችው።
ተመለሰም፤ ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ሸክሙን ጥሎ፣
ከኃጢአቱ ጋራ ስሙንም አቃጥሎ።

አየሩ ሙሉ ነው። የትምህርት ቤቱ መስመር፣ የዓሣ ፋብሪካው፣ የቄሱ፣
ስልኬ ሁሉንም ይቆጥራል፤ እሱ ግን አንድም የለው ለራሱ።
ከጥጉ ላይ ትንሽ ሉል ሥሎ
ይሰርዛታል፣ «የለም» ብሎ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ።
የግድግዳውን ሳጥን ነቀልሁ፣ እስከ ሠላሳ ቆጠርሁ፣ ሰካሁ።
የአውሮፕላኗን ምልክት አየሁ፣ በርራ እንደሆን ብዬ።
አልበረረችም።
የዕቃዎቹን መዝገብ ከፈትሁ፤ ሁሉም አሉ በየረድፉ፣
ድምፁ፣ ካሜራው፣ ሰዓቱ፣ እንደ ወታደር በሰልፉ፤
አንዱ ብቻ ስም የለውም፤ «ያልታወቀ» ይላል ጽሑፉ፣
ቢጫ ምልክት ተሰንቅሮ እንደ ዓሣ አጥንት ከአፉ።

«ምኑ ነው የጎደለው?»
«ድራይቨሩ።»
«ሾፌሩ?»
«አዎ፣ ሾፌሩ። መኪናው አለ፣ መንገዱም አለ፣
ነጂው ግን ወርዶ የት እንደገባ እንጃ።»
«ታዲያ ይጠራ!»
«የሚጠራው በኢንተርኔት ነው።»
ዝም አለች። ዝናቡ ብቻ አወራ።
«ቁልፉን ከውስጥ ትቼ ቤቱን ቆልፌአለሁ በለኛ።»

ለምን እንደቸኮለች የገባኝ ያኔ ነው፦
ከደብዳቤ ሳጥኗ የተቀመጠው
የድንቾቿ መዝገብ ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓይነት፣
የትኛው ከየት ማሳ፣ ከየትኛዋ አሮጊት፣
ጥቁሩ፣ ጠማማው፣ እንደ ጣት የረዘመው፣
ሲቆርጡት ከመሃል ሐምራዊ ቀለበት ያለው።
ቅዳሜ ነው የዘር ልውውጡ። ያን ቀን ሐሙስ።
ከጆንያው ሁሉም ድንች ነው፤ ስሙን ማን ይመልስ?

ሾፌር ያለ ቁጥር አይታዘዝም፤
ከሆዱ ሥር የተቀረጸው ግን፣ በሱፍ ቀሚሷ ታሽቶ፣ አይነበብም።
«ዞር በል» አለች። ከኪሷ እርሳስ አወጣች፣
ስስ ወረቀት ዘርግታ በጎኑ አሸች፤
ቀለሙ ሄዷል እንጂ ጠባሳው አለ፤
ነጭ በጥቁር ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ ቁጥሩ በቀለ።

ንጋት ላይ ተሻገርሁ፣ ፍላሹን ካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ፤
ካስትሮ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ሰዓት ተቀምጬ
መጀመሪያ የተሳሳተውን አወረድሁ፣ ቀጥሎ ትክክለኛውን።
ስመለስ አንድ ልጅ፣ ከጀልባው ጫፍ፣ ሰምቶ ታሪኬን፣
«ስልክህን በገመድ ብትሰካለት ኖሮ
ባሕሩን ባልተሻገርህ» አለ፣ ማስቲካውን ቋጥሮ።
ምን ልበለው? ባሕሩን አየሁ።
ለኤዱቪና ይህን አልነገርኋትም። ዛሬም።

ጫንሁት። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጣ።
አራት ቅስት ከጥጉ ብቅ አለ፤ እንደ ጎህ፣ ሳይቸኩል ወጣ።
የይለፍ ቃል ጠየቀ። ከምድጃው ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል፣
ጥቀርሻው ግማሹን በልቶታል፤
ዘጠኝ ነው አራት? ሦስት ጊዜ ተሳሳትን።
በአራተኛው ተቀበለን።

ደብዳቤው ጎረፈ። መዝገቡ ተከፈተ።
መነጽሯን አድርጋ አነበበች፣ አነበበች፣
ከዚያ ሳቀች።
«ተሳስቷል እኮ! ሁለቱን አቀያይሬ ጽፌ፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ጠማማውን ቀጥ ያለው ብዬ!»
ያቺኑ እርሳስ አነሳች፤ አረመች፣ በወረቀት።

ስወጣ ከጆንያው ግርጌ አንዲት ድንች ሰጠችኝ፣ ለድካሜ።
«ስሟ ማን ነው?» አልሁ።
አገላበጠቻት።
«ያልታወቀች» አለች፤ «ትከላት፣ ራሷ ትናገራለች።»